ሰንጢውን ያልለቀቀ እጅ

ይድረስ ለምሳሳልህ አባቴ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ አባዬ? ጉልበትህ እንዴት ነው? ያ ጠዋት ጠዋት የሚይዝህ ወገብህስ ለቀቅ አደረገህ? አሁንም ሬዲዮ ተከፍቶ ታንኮራፋለህ፣ ሲዘጉብህ ደግሞ «እያዳመጥኩ እኮ ነው» ብለህ ትቆጣለህ? እማዬስ እንዴት ናት፣ ግፊቷ ረገብ አለላት? ሚጡ እህቴስ ከነሆዷ እንዴት ይዟታል? ወንድሜ ጉልቤውስ፣ ዛሬም የሰፈሩን ዕቃ ሁሉ ተሸካሚ ነው? ሲከፈት ጎረቤት የሚቀሰቅሰው የቆርቆሮ በራችን ሳይቀር ደህና ነው ወይ? እኔ ተመስገን በጣም ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። ናፍቆታችሁ አንዳንዴ ይጠናብኛል፤ እሱም ቢሆን ሥራ ስይዝ ቀለል ይለኛል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክማ አንተን ማን አግኝቶህ! «ደህና ነሽ? እኛ ደህና ነን፤ በይ እናትሽ ታናግርሽ» ትልና እሳት እንደነካው ሰው ስልኩን ታቀብላለህ። ደብዳቤን ግን መነጽርህን አድርገህ፣ ወንበርህን ወደ መስኮቱ አስጠግተህ፣ ከራስጌው እስከ ግርጌው እንደምታነብ አውቃለሁ። ደግሞ ጮክ ብለህ ነው የምታነበው፤ ስለዚህ እማዬ አጠገብህ ሆና እየሰማች ነው። አንድ ቦታ ላይ ስደርስ በልብህ አንብብ እልሃለሁ፤ ያኔ አደራህን እሺ በለኝ።

ይህን ሁሉ ለመጻፍ ያስነሳኝ ሚጡ በስልክ ያለችኝ ነገር ነው። ከአልጋህ ስር ያስቀመጥከውን እንጨት ሁሉ፣ ያን ስንት ዓመት ጥላ ላይ ያደረቅከውን የወይራ ቁራጭ ጭምር፣ ወሩ ሲያልቅ ለዳቦ ቤቱ ማገዶ ይውሰዱት ብለሃል አሉ። ለምን ብትልህ «እጄ ከድቶኛል፤ የከዳ እጅ እንጨት ምን ይሠራለታል» አልካት። አባዬ፣ ሥራ ላይ ሆኜ ነበርና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እባክህ ይህን ደብዳቤ አንብበህ ሳትጨርስ አንዲት ስንጣሪ እንኳ ከቤት እንዳትወጣ። ከጨረስክ በኋላ የፈለግከውን ታደርጋለህ፤ እንጨቱ ያንተ ነው።

እኔ አንተን ሳስብ የማይህ ያው የመጋዘኑ በር ላይ ነው። የዘበኛ ካፖርትህን ለብሰህ፣ በዚያች እግሯ ባጠረ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ፣ አንድ ዓይንህን በሩ ላይ አድርገህ በሌላው እንጨት ስትቀርፅ። በዚያች ቀንድ እጀታ ባላት ሰንጢህ ስንት ማንኪያ፣ ስንት ወፍ፣ ስንት ፈረስ ሠራህ! ሰው ዕቃ ሊያስገባ መጥቶ ዕቃውን ትቶ አንተን ሲያይ ይቆም ነበር። እኔ ምሳህን ይዤ ስመጣ ቶሎ ብዬ አልሄድም። እንጨቱ ከሰንጢው ስር ተጠቅልሎ ሲወጣ ማየት ያስደስተኝ ነበር። ሰውነትህ ሁሉ ዝም ይላል፤ የሚንቀሳቀሱት ጣቶችህ ብቻ ነበሩ። ያኔ ሁሉም አባት እንዲህ የሚችል ይመስለኝ ነበር። ኋላ ሰው ሳይ፣ አገር ሳይ ነው የማይችል መሆኑ የገባኝ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ሰንጢዋ እጅህ ላይ ታጠፈችና የቀኝ እጅህን ጣቶች ከውስጥ በኩል ቆረጠችህ። ሐኪሙ ሰፋው፣ ዳነ፤ ጣቶችህ ምንም አልሆኑም፣ እንደ ልብህ ሥራባቸው አለህ። አንተ ግን እጅህን ኪስህ ከተትከው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አላወጣኸውም። ሰው ሁሉ «ሰንጢዋ ስለቷ በዝቶ ነው» አለ። አንተ ደግሞ «እጄ ተንቀጥቅጦ ለቀቀኝ፣ አርጅቻለሁ» አልክ። ሥራ ስትለቅም ያው ነገር አብሮህ ቤት ገባ። እኛም የሰው ወሬና ያንተን ሐዘን አንድ ላይ አምነን ተቀመጥን።

እማዬማ ማመን ብቻ አልበቃትም። እማ፣ እየሰማሽኝ ስለሆነ አትቀየሚኝ፤ ግን እውነቱን እንናገር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ስለታም ነገር ተወገዘ። እማዬ የማድቤቱን ቢላዎች አንድ በአንድ እያነሳች፣ የበራችን ደፍ ላይ ካለው ሲሚንቶ ጋር እያፋጨች፣ ስለታቸውን እንደ ማንኪያ ጀርባ አደረገቻቸው። «አሁን ማንም አይቆረጥም» ብላ እጇን አራገፈች። ከዚያ በኋላ በቤታችን ቲማቲም ተቆርጦ አያውቅም፤ ይጨፈለቃል እንጂ። ሽንኩርት ለመክተፍ ጉልቤው ከጓደኞቹ መሀል ተጠርቶ ይመጣል። ዳቦውን አንዱ ይይዘዋል፣ ሌላው ይገዘግዘዋል። አንተ ራስህ ሁሌ የምትስቅበትን ረሳኸው? ፕላስተር ከሳሙና ቀድሞ የሚያልቅበት ቤት የኛ ብቻ ነበር። የእማዬ አውራ ጣት፣ የሚጡ መዳፍ፣ የኔ ክንድ፤ ሁላችንም ተራ በተራ ስንጠቀለል ኖረናል። ስለት በሌለበት ቤት እንዲህ የምንቆሳስለው ለምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

እኔ ወደዚህ ስመጣ ሰንጢህን ሰጠኸኝ። «ለእኔ ከእንግዲህ አትሠራም፣ መንገድ ላይ ብርቱካን ትልጪባታለሽ» ብለህ ፊትህን አዞርክ። ሻንጣዬ ከመዘጋቱ በፊት እማዬ ወስዳ ደፉ ላይ እንዳፋጨቻት በኋላ ነው ያወቅኩት። ብርቱካን እንኳ አትልጥም ነበር። ልጄ በሰው አገር እንዳትቆረጥ ብላ ነው፤ ፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ እወድሻለሁ እማ።

አሁን ስለ ሥራዬ ላጫውትህ። ወንበርና ሶፋ የሚታደስበት ወርክሾፕ ውስጥ እንደምሠራ ታውቃለህ። ከመንገዱ ዝቅ ያለ ረጅም ክፍል ነው፤ በመስኮቱ የሚያልፈው ሰው እግር ብቻ ይታያል። ሙጫ ሙጫ ይሸታል። ሆድ ዕቃቸው የወጣ ሶፋዎች ተደርድረው፣ ስፖንጁ በአንድ ጥግ፣ ሽቦው በሌላ ጥግ፣ የቆዳው ጥቅልል ከላይ መደርደሪያው ላይ ነው። ባለቤቷን ሠራተኛው ሁሉ ጄኔራሏ ይላታል። አጭር ናት፣ ወፍራም ናት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሚስማር በከንፈሯ ይዛ ታወራለች። ጉራዋ ለጉድ ነው። እሷ ያላደሰችው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ቆሞ እንደዋለ ይቁጠረው ትላለች። ግን አባዬ፣ ስትሠራ ብታያት ጉራዋን ሁሉ ትምርላታለህ። ቆዳ ላይ እጇን ስታሳርፍ እጄን በአፌ ላይ እጭናለሁ። አንተን ካየሁ ወዲህ እንደዚያ የሚሠራ ሰው ያየሁት እሷን ነው።

በዚህ ወርክሾፕ አንድ ልማድ አለ። ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም የየራሱን ሰንጢ ይስላል። እያንዳንዱ ሣጥን ገልብጦ ይቀመጣል፣ ድንጋዩን ውሃ ያጠጣል፣ ዝም ብሎ ይስላል። በዚያ ሰዓት ወሬ የለም፣ ስልክ የለም። ስሎ የጨረሰ ሰው ከጋዜጣ ላይ ቀጭን ወረቀት ይዞ ጄኔራሏ ፊት በሰንጢው ይቆርጣል። ወረቀቱ ድምፅ ሳያሰማ ከተቆረጠ ቆዳው ይሰጠዋል። ወረቀቱ ከተቀደደ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። እኔ አዲስ ስለነበርኩ ቆዳ አልነካም፤ የድሮውን ልብስ ከወንበር ላይ መግፈፍ ነበር ሥራዬ፣ ስለዚህ ወረቀት ቁረጪ የሚለኝ አልነበረም።

ታዲያ እኔ ምን ሳደርግ ሰነበትኩ መሰለህ? እማዬ ስትሸኘኝ «ሰንጢሽን እንዳትስይ» ብላ አስምላኛለች። እነሱ ደግሞ ሳይስሉ አይቀመጡም። አንገራገርኩና መላ አገኘሁ። አብሬያቸው ሣጥን ላይ ተቀምጬ፣ ድንጋዩን ውሃ አጠጥቼ፣ ሰንጢዋን ገልብጬ ጀርባዋን ድንጋዩ ላይ አፋጫለሁ። ድምፁ ያው ነው፣ እንቅስቃሴው ያው ነው። ሁሉም ስለቱን ሲስል እኔ ጀርባውን ስስል ሰነበትኩ። አሁን ሳስበው ብቻዬን እስቃለሁ። ያኔ ግን ለእናቴ ቃል የታመንኩ ብልህ ሆኜ ነበር የሚሰማኝ።

አባዬ፣ በልብህ አንብብ ያልኩህ ቦታ ይኸው ደረሰ። ለእማዬ «አንድ አንቀጽ ስለ አየሩ ነው» በላትና እለፍ።

አንድ ከባድ የድሮ ወንበር መጣ። ከመቀመጫው ስር ያለው ጠፍር በወፍራም ክር ደጋግሞ የተሰፋ ነው። ሰንጢዬ ክሩ ላይ ተንሸራተተች። ጨምሬ ገፋሁ፣ አሁንም ተንሸራተተች። ተናደድኩና ጫፏን ስፌቱ ውስጥ ሰክቼ በሙሉ ትከሻዬ ተጫንኩ። ጫፏ እንደተሰካ ቀረ፤ ሰንጢዋ እጄ ላይ ክድን አለች። የቀኝ እጄን ጣቶች ከውስጥ በኩል። ጄኔራሏ ሚስማሯን ተፍታ መጣች፤ እጄን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ በንጹህ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ራሷ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ተሰፋልኝ፤ አሁን ድኗል፣ ይኸው በዚያው እጄ ነው የምጽፍልህ። ቁስሉ ሲገለጥ ግን ሕመሙን ረስቼ ደነገጥኩ። ያንተው ቁስል ነው። ቦታው፣ አግድሞሹ፣ ሸካራነቱ ሳይቀር ያንተው ነው።

አሁን ጮክ ብለህ ማንበብ ትችላለህ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይታ ጄኔራሏ ሰንጢሽን አምጪ አለችኝ። ተቀብላ ከፈተቻት፣ አውራ ጣቷን ስለቱ ላይ አግድማ ዳሰሰች፣ ከዚያ ሣጥን ላይ ቁጭ ብላ እስክታነባ ሳቀች። «ይቺን ምስኪን ማን ነው እንዲህ የገደላት?» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ደፉ፣ ስለ ቲማቲሙ፣ ጀርባዋን ስስል ስለ መሰንበቴ። ስለኔ ስትስቅ ቆየች፤ ስለ እማዬ ስነግራት ግን ሳቋን አቆመች። «እናትሽ ፈርታ ነው» አለች። «የፈራ ሰው ስለቱን ያጠፋል። ጉልበቱንስ ማን ያጥፋለት? ሰንጢ ሲደነዝ ሰው በጉልበት ይገፋል፤ በጉልበት የተገፋ ነገር የት እንደሚያርፍ ማንም አያውቅም። ደግሞ ለጨርቅ የደነዘ ለጣት አይደነዝም።»

እኔ ግን እልኸኛ መሆኔን ታውቃለህ፤ አልተቀበልኳትም። የተሳለ ነገር አይቆርጥም ነው የምትዪኝ? አልኳት። «ይቆርጣል እንጂ!» አለችና የግራ መዳፏን ዘረጋችልኝ። እንደ ፀጉር የቀጠነች ነጭ መስመር አለች። በወጣትነቷ ቆዳ እየቆረጠች በመስኮቱ አንድ መልከ መልካም ሰው ሲያልፍ ቀና ብላ ስታይ ነው የቆረጣት። «ይሄኛውን የቆረጠኝ ሰንጢው አይደለም፣ ዓይኔ ነው። ስለታም ሰንጢ ወደ መራሽው ይሄዳል፤ ወደ ጣትሽ ከመራሽው ወደ ጣትሽ ይመጣል። ዱልዱሙ ግን ብትመሪውም አይሰማሽም» አለችኝ። መልከ መልካሙ ሰውዬ ኋላ ባሏ ሆነ፤ እስከ ዛሬ «የቆረጥከኝ አንተ ነህ» እያለች ታስለቅሰዋለች።

ከዚያ ሁለት ሰንጢ አመጣች፣ የሷንና የኔን። ያንኑ ዓይነት ጠፍር በሁለቱም እንድቆርጥ አዘዘችኝ፤ ግን ሰንጢውን እንዳላይ ከለከለችኝ። ግድግዳው ላይ ያለው መስታወት ፊት አቆመችኝና «ትከሻሽን እዪ» አለችኝ። በኔ ሰንጢ ስሞክር ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ተሰቀለ፣ የአንገቴ ሥር ተገተረ፣ ጥርሴን ነከስኩ። በሷ ሰንጢ ስቆርጥ ትከሻዬ ቦታው ላይ ተቀመጠ፤ ጣቶቼ ብቻ ተንቀሳቀሱ፣ ጠፍሩም ሁለት ሆነ። «አየሽ?» አለች። «ትከሻሽ ከተነሳ ሰንጢሽ ሞታለች፤ አቁመሽ ሳዪ።»

አባዬ፣ በዚያች ደቂቃ መስታወቱ ውስጥ ያየሁት አንተን ነበር። በርጩማህ ላይ ተቀምጠህ፣ ሰውነትህ ዝም ብሎ፣ ጣቶችህ ብቻ ሲንቀሳቀሱ። ወዲያው ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። የተቆረጥክ ቀን ምሳህን ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ዝም አላልክም ነበር። ትከሻህ ተነስቶ ነበር። አንገትህ ተገትሮ፣ ከንፈርህን ነክሰህ፣ የምትቀርፀውን የእንጨት ፈረስ እግር ስር በጫፏ እየወጋህ ነበር። ምን ሆነ፣ ዛሬ እንጨቱ አስቸገረህ እንዴ ብዬ ሳስብ ነው ያ ነገር የሆነው።

ለጄኔራሏ ያንተን ነገር ነገርኳት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «የትኛው እጁ ነው የተቆረጠው?» የሚል ነበር። ቀኙ አልኳት። «ሰንጢውን የያዘበት እጅ?» አዎ። «ጣቶቹ ከውስጥ በኩል?» አዎ አልኩ፤ በራሴ እጅ ላይ ቦታውን አሳየኋት፣ ልክ እዚህ ጋ ነው አልኳት። የራሷን ሰንጢ አንስታ በጣቶቿ ጨበጠችው። ከዚያ ያለችኝን አንዲት ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሃለሁ። «አባትሽ እጄ ለቀቀኝ አለ? እጅ ሲለቅ እኮ ሰንጢው ይወድቃል። መሬት ይወርዳል፣ ቢብስ እግር ላይ ያርፋል። እዚህ ጋ የሚቆርጠው የጨበጠን እጅ ነው። አጥብቆ ይዞ የገፋን እጅ ነው። የከዳ እጅ እንዲህ አይቆስልም።»

ደግሜ ልጻፍልህ፤ አንተም ደግመህ አንብበው። የከዳ እጅ እንዲህ አይቆስልም።

ግን ሰንጢዋ የተሳለች ነበረች፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ አባቴ የደነዘ ነገር አይዝም ብዬ ተከራከርኩ። «ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ምን ቆረጠ?» አለችኝ። ትዝ አይልህም? ጎረቤታችን ሾፌሩ ግድግዳውን ሲያስለስን ሰንጢህን ተውሶህ አልነበር? የሲሚንቶ ከረጢት ሲቀድባት ዋለ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦም ላጠባት። አንተ እንቢ ማለት የት ታውቅና! ያመጣልህ በነጋታው ጠዋት፣ አንተ ለሥራ ከበር ስትወጣ ነው። ኪስህ ከተትካትና ሄድክ። ከደረቅ እንጨት ሁሉ የከፋውን፣ ያንን ወይራ፣ ሲሚንቶ በበላው ሰንጢ ልትቀርፅ ተቀመጥክ። እጅህ ያን ቀን የተለየ ነገር አላደረገም አባዬ፤ የተለየችው ሰንጢዋ ናት። አንተ እርጅና ያልከው ከሾፌሩ ከረጢት የመጣ ነው።

በነጋታው ማንኪያህን ይዤ ሄድኩ። ያቺን አንተ የሠራህልኝን፣ እስከ ዛሬ የምበላባትን። ጄኔራሏ መነጽሯን ከአንገቷ አንስታ ዓይኗ ላይ አደረገች። ማንኪያዋን ገለባበጠች፣ በጥፍሯ ዳሰሰች፣ ወደ መስኮቱ ይዛት ሄደች። የማንኪያዋ አንገት ላይ ያለውን ረጅሙን ቁርጥ አሳየችኝ፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ብቻ የተሄደበት ነው። «ይሄ ትከሻው የማይነሳ ሰው ሥራ ነው» አለች። እሷ አባዬ፣ የሰው ሥራ የማታመሰግነዋ ሴትዮ! ልትገዛት ጠየቀችኝ፤ አትሸጥም አልኳት። ተናደደችብኝም ኮራችብኝም። ያን ቀን እንዴት ቀና ብዬ እንደሄድኩ ብታይ ትስቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መሳል ተማርኩ፤ አሁን ስለቱን ነው እንጂ ጀርባውን አይደለም። ሰንጢህን ማዳን ቀላል አልነበረም። እማዬ ደፉ ላይ የሠራችው ሥራ እንዲህ በዋዛ የሚነሳ አይደለም፤ ክንዷን እግዜር ይባርከው። በየጠዋቱ ሻካራው ድንጋይ ላይ፣ ጋደም አድርጌ፣ ሳልጫን፣ አንዱን ጎን ከዚያ ሌላውን። ውሃው ይጠቁራል፣ አጥባለሁ፣ እንደገና። ኋላ በለስላሳው ድንጋይ፣ መጨረሻ ላይ በቆዳ ወደ ኋላ አሸኋት። ቀስ በቀስ ወደ ራሷ ተመለሰች። አንድ ጠዋት ጄኔራሏ ፊት ወረቀት ይዤ ቆምኩ። ቆረጥኩ። ድምፅ የለም። ወረቀቱ ሁለት ሆኖ ወደቀ። ጄኔራሏ ከመደርደሪያው ላይ ጥቅልሉን አውርዳ ቡናማውን ቆዳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆዳ እቆርጣለሁ። አንድ ጊዜም አልተቆረጥኩም፣ ትከሻዬም አላመመኝም።

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ ይዞልህ የመጣው የጭነት መኪና ሾፌር፣ ጎረቤታችን ሳይሆን ሌላ ሰው ነው፣ አንድ ትንሽ ጥቅልም ይሰጥሃል። ሰንጢህ ናት። ማቀፊያዋን እኔ ነኝ የሰፋሁት፤ ስፌቱ አንድ ቦታ ላይ ጠመም ብሏል፣ አትሳቅብኝ። አብሯት መሳያ ድንጋይና ቁራጭ ቆዳ አለ። ቀስ ብለህ ክፈታት፣ ከበፊቱም በላይ ተስላለችና ትደነግጣለህ። መጀመሪያ ወረቀት ቁረጥባት፣ ድምፁን አዳምጥ። በጫፏ አትውጋ፤ መቆለፊያ የላትምና ስትጫናት ወደ መያዣዋ መታጠፏ አይቀርም። ስትጨርስ ዝጋት። ደግሞ በምድር ላይ ላለ ለማንም ሰው አታውሳት። ጎረቤታችን ሲሚንቶ መቅደጃ ሲፈልግ ከእማዬ ቢላዎች አንዱን ስጠው፤ ሲገዘግዝ ይዋል።

እማዬ፣ ላንቺ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። አባዬ አንድ ቢላዋ ብቻ ይሳልልሽ፤ አንድ ቲማቲም ቁረጪበት። ጭማቂው ሳይፈስ ሲቆረጥ ካየሽ በኋላ ፍርዱን ላንቺ ትቻለሁ። ካልወደድሽው ደፉ የት እንዳለ ታውቂዋለሽ።

አባዬ፣ የሚጡ ልጅ ሊመጣ ነው። እኛ ሁላችን የጎረስነው አንተ በሠራኸው ማንኪያ ነው፤ ይህ ልጅ በሱቅ ማንኪያ ይጀምር? ከወይራው ላይ ትንሽ ቁረጥና ለልጁ አፍ የምትሆን ሥራለት። ሌላ ምንም አልጠይቅህም። ብትጠምም፣ ብትሻክር፣ ግማሽ መንገድ ላይ ብትተዋትም ግድ የለኝም። ብቻ ስትጀምር ትከሻህን እየው። ካልተነሳ እጅህ ያው እጅህ ነው። ዳቦ ቤቱ ማገዶ አያጣም።

በሉ እንግዲህ። እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፤ ከተቆጣች ደግሞ ግንባሯን ጨምርበት። ሚጡን ከነሆዷ ሳምልኝ፣ ከባድ ነገር እንዳታነሳ፣ የሚነሳ ካለ ጉልቤው አለ በላት። ለጉልቤው ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ሽንኩርት ከመክተፍ ጡረታ ሊወጣ ነውና ሌላ ሥራ ይፈልግ። ጎረቤታችንንም ሰላም በልልኝ፣ አልተቀየምኩትም፣ ሳያውቅ ነው። ለቆርቆሮ በሩም ዘይት ቀቡልኝ።

መጨረሻ ላይ ለቀኝ እጅህ ለብቻው ሰላምታ አለኝ፤ ይህንንም በልብህ አንብበው። ከኪስህ አውጣውና እየው፤ ጠባሳውን እየው። እኔ በሰው አገር ሆኜ ያንኑ ጠባሳ ስሜዋለሁ፣ እኔም ጋ አለና። ሳመው አባዬ። ያን ቀንም አጥብቆ ይዞ ነበር።

የምትወድህ ልጅህ፣ ምሳ አመላላሽህ

ከወርክሾፑ በላይ ካለችው ክፍሌ
እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ የካቲት 16 ቀን